የእማማ ቲን ሁለት ሳህኖች

ጉናዳሳ ወንድሜ፣

የሐኖይ ዝናብ ዛሬም አላባራም። ቤት ያከራዩኝ አሮጊት፣ እማማ ቲን፣ ትናንት የሁለት ልጆቻቸውን ሙት ዓመት አሰቡ። ሁለቱም ባንድ ቀን፣ ፈረንሳይን ሲወጉ ነው የሞቱት። ሁለት ሳህን ሩዝ ቀረበላቸውና፣ ሙታኑ በልተው እስኪጠግቡ እኛ ቆመን ጠበቅን።

ከዚያ እማማ ወደ እኔ ዞሩ። "እናንተስ የሲሎን ሰዎች እንግሊዝን ከደሴታችሁ ስታስወጡ፣ ከቤታችሁ ስንት ሰው ሞተ?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ነጻነታችንን በፖስታ ነው የላኩልን" እያልክ የምትቀልደው ትዝ አለኝ።

"ማንም አልሞተም" አልኳቸው። "አባቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ የነጻነቱን ሰልፍ አየና ለምሳ ቤቱ ደረሰ።"

ዓይናቸውን ወደ ሳህኖቹ መለሱ። የናቁኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ እጄን ያዝ አደረጉና፣ "ታድላ እናትህ!" አሉ። የታላቁን ልጃቸውን ሳህንም ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "በል ብላ፣ እሱ ጠግቧል" አሉኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ሚስትህንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ያንን ቀልድህን ግን ከእንግዲህ ተወው። ካንዲ ስትሄድ እናቴ ጋ ጎራ በልና እንደ ወጋችን እግሯ ሥር ተንበርከክልኝ። ምነው ብትልህ፣ "ልጆችሽ ሁሉ ሩዛቸውን ራሳቸው ስለሚበሉ ነው" በላት።

ፒያሴና