ሳሎናችንን የሞላው ድንኳን

ፒያሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሕክምና ባንኮክ ላለኸው ለባለቤቴ ለዓምደሚካኤል፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ልጃችን ሚናስ ከአጠገብህ ሆኖ በየቀኑ ይደውልና «አባዬ ደህና ነው» ብሎኝ ቶሎ ይዘጋዋል። አንተን በስልክ እንዳላገኝህ ሁልጊዜ ሰው ከቦሃል። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩልህ። በሃምሳ ዓመቴ ፊደል ስቆጥር በእንግዶችህ ፊት «ምን ልትሆኚ ነው፣ ሚኒስትር?» ብለህ ስቀህብኛል። ይኸው ለዚህ ሆነኝ።

አምና የወንድምህ የራጉኤል ለቅሶ እንዴት እንደነበር አልረሳኸውም። ገንዘብ የከፈልነው ሆቴል ነጭ ድንኳን ተከለ፣ ወንበሩን ሁሉ በጨርቅ ሸፈነ፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን ጠፋ። ልጃችን አማኑ ከሚመራው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በአውቶቡስ ጭኖ አመጣ። አንዷ ልጅ ጠጋ ብላ «እማማ፣ የሞተው ማነው?» አለችኝ። አንተም ሰምተሃል፤ ስልክህን ማየት ጀመርክ። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀና ብዬ ሰው ማየት አፍራለሁ።

ሰዎቻችንን ያራቅናቸው እኛው ነን። ሕንፃችን አልቆ፣ አንተም ፓርላማ ስትገባ «እድር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብለህ አስወጣኸን። ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ያለችው ጎረቤታችን የሺ፣ ባሏ ሲሞት አበባ በሾፌር ላክንላት። እኔም ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የእድሩ ስብሰባ ላይ ሄጄ «ወደ እድሩ መልሱን» አልኳቸው። ዳኛው ያ አብሮ አደግህ ፀሐዬ ነው። «እመቤት፣ ምን እንታዘዝ?» ሲለኝ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቅጣት እከፍላለሁ አልኩት።

«ብሩን ተዪው። ቅዳሜ የየሺ እህት ሠልስት ነው፤ መጥተሽ ሳህን እጠቢ። ከዚያ እንተያያለን» አለኝ።

ሾፌሩን ድልድዩ ጋ አስቁሜ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በእግሬ ገባሁ። የሺ አየችኝና «ውይ! አበባው ዛሬ በእግሩ መጣ?» አለች። ሴቶቹ ለቅሶ ላይ መሆናቸውን ረስተው ሳቁ። የምገባበት ጠፋኝ። አቀርቅሬ እስኪመሽ ሳህን አጠብኩ። ልወጣ ስል የሺ ክንዴን ይዛ፣ «ቁጭ በይ፤ ከቤቴ እህል ሳትቀምሺ አትሄጂም» አለችኝ። ስድቧን ችዬ ይኼ አስለቀሰኝ።

መለሱን። ፀሐዬ «በማን ስም ልያዘው?» ሲለኝ ያንተን ነገርኩት። የእድሩ ድንኳን ያው ወጣት ሳለህ ከእሱ ጋር ተሸክመህ ትተክለው የነበረው ነው፤ ጥጉ ተቀዷል። ቤት ወስጄ በእጄ እየሰፋሁት ነው። «ዝናቡ አልፏል፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ ፀሐዬ። መምጫህን አስቤ ክር ገዝቼ ገባሁ።

ሳሎንህን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ትናንት አማኑ ባለሥልጣን እንግዶች አስከትሎ ገባና «እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ።

«የአባትህ ነው» አልኩት።

እንግዶቹን ይዞ ወጣ።

ስምህን ያወጣልህ ሚካኤል ይጠብቅህ፤ በሰው አገር አያስቀርህ። ስትመጣ አንተም መኪናውን ድልድዩ ጋ አስቁመህ በእግርህ ግባ፤ የሺንም ይቅርታ ጠይቃት። መራመድ ካቃተህ አትሳቀቅ፤ የእድሩ ሰዎች ይሸከሙሃል። ጠይቄያቸዋለሁ።

ባለቤትህ
አስካለ