ወንድማማቾችን በአንድ ምሽት ላስታረቀው ቴሌቪዥን

(በጋዜጣ የወጣ ግልጽ ደብዳቤ)

ለተከበሩ ዶን ኢላሪዮ ሳልሴዶ
የቴሌቪዥን ጣቢያው ዋና ዳይሬክተር
ፑዌብላ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? እርስ በርስ እየተነጋገራችሁ እንደምትውሉ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛ ቤት ከጤና ቀጥሎ ለሰው የምንመኘው እሱን ነው።

«ነገሥታቱ ምሳ ላይ» የተሰኘው አስቂኝ ድራማችሁ በሳሙና ፋብሪካ ውርስ ስለሚናከሱ ባለጠጎች መሆኑን ሳይ፣ የአባታችንን የሸክላ ፋብሪካ ወደ ሳሙና ለመቀየር የደከማችሁትን ድካም አደነቅሁ። ገመናችንን አደባባይ በማውጣታችሁም አልተቀየምንም። ወንድሞቼ አንሴልሞና ፌርሚን በዚያው ፋብሪካ ውርስ ተጣልተው አባታችን ከተቀበረ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ እናንተ ግን የሚሰዳደቡትን ጻፋችሁላቸው፣ የሚስቅላቸውንም ሕዝብ ከበስተጀርባ ጨመራችሁላቸው። በእኛ ቤት የሳቀ ሰው አልነበረምና ውለታችሁ ከባድ ነው።

አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. በመጨረሻው ክፍል ታላቁ ወንድም የታናሹን በር አንኳኩቶ «ርቦኛል፣ እማማ ጋ እንሂድ» አለው፤ ታረቁ። እኛ ቄስ ልከን፣ ጠበቃ ልከን፣ የክርስትና አባታቸውን ሳይቀር ልከን ያቃተን ነገር ይህን ያህል ቀላል ከነበረ፣ ቀደም ብላችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት?

፪ኛ. እናቴ ዶኛ ኤውላሊያ ያንን አይታ አለቀሰች። አእምሮዋ አልሳተም፤ ተውኔት መሆኑን ታውቃለች። ግን «እነሱም በየቤታቸው አይተውታል እኮ! እነዚህ ባለጌዎች ከታረቁ የኔዎቹን ምን ያቅታቸዋል? እሁድ ይመጣሉ፣ ታያለሽ» አለችኝ። እሁድ ሞሌ የሚባለውን የአገራችንን የበርበሬ ወጥ ሠርታ ለሁለቱም ሰሃን ዘረጋች። ወጡ ቀዘቀዘ፤ አሞቀችው፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። ሲመሽ «መንገዱ ተጨናንቆባቸው ይሆናል» አለች። ሁለቱም የሚኖሩት በእኛው ጎዳና ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር ትሠራለች። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ በአክብሮት መጻፍ አቃተኝ፤ ልቤ ተሰብሯል።

፫ኛ. ሦስተኛ አቤቱታም ነበረኝ፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን አነሰብኝ።

ለታላቅ ጥበባችሁ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ መሳቅ ያልቻለችው ታማኝ ተመልካቻችሁ፣

ሊዮኖር አልታሚራኖ

ማስታወሻ፦ የፊታችን እሁድ ሁለቱን ተዋናዮች ለምሳ ብትልኩልንስ? ቃል ማጥናት አያስፈልጋቸውም፣ ተቀምጠው ይብሉ ብቻ። እናቴ ልጆቿ እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ ወንበሩ ላይ ሰው ማየት ይበቃታል። ለእነሱ ካልተመቻቸው፣ ይህን ጋዜጣ በየቤታቸው የሚያነቡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ችሎታ ባይኖራቸውም ሚናው ከልጅነታቸው ጀምሮ የእነሱ ነበር። ማንም ይምጣ ማን፣ ቶሎ ቢሆን ይሻላል። ባለፈው እሁድ እናቴ ድስቱን ከእሳት ላይ ማውረድ አቅቷት እኔን ጠራችኝ።