ደሜ ወደ ስቶክሆልም ሲበር

ሰኞ፣ ጠዋት
ሴል የሚያበዛው አራተኛው መርፌ። ዳሌዬንና ወገቤን ይጠዘጥዘኛል። ነርሷ ጥሩ ምልክት ነው አለች፤ መቅኔዬ ሥራ ላይ ነው። እኔ ሥራ ቦታ ደውዬ ሲክ ነኝ፣ አሞኛል አልኩ። እማዬ ከሰቨን ሲስተርስ ለንደንን አቋርጣ እኔ ቤት ብሪክስተን ድረስ መጥታ እንደ አራስ አጥሚት ታጠጣኛለች።

ስቶክሆልም ሆስፒታል የተኛውን የወንድሜን የዳዊትን የታመመ መቅኔ ሐኪሞቹ በኬሞ መድኃኒት አጥፍተውታል። ሚስቱ ሂሩት ናት የነገረችን። ከእንግዲህ ወደ ኋላ የለም። የኔ በጊዜ ካልደረሰለት... አልጽፈውም፣ ደብተሬ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
ከጠዋት ጀምሮ ማሽን ላይ። ደሜ በአንድ ክንዴ ይወጣል፤ ማሽኑ የሚፈልገውን ሴል ያስቀራል፤ የተረፈው በሌላው ክንዴ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ከረጢቱን አሳዩኝ። መዳፍ ታህላለች። ቀለሙ የቲማቲም ጭማቂ። ይኸው ብቻ ነው? አልኩ። ይኸው ነው አሉ።

ከረጢቱን ነገ ስቶክሆልም የምታደርሰው ሴትዮ ጡረተኛ አስተማሪ ናት፣ በጎ ፈቃደኛ። ከረጢቱ ያለበት ቀዝቃዛ ሳጥን ከእጇ አይለይም። በኤክስሬይም አያልፍም። ልጨብጣት ተነሳሁ። አደራ ልላት ፈልጌ እንግሊዝኛው ጠፋኝ።

ረቡዕ፣ ጠዋት
ጭጋግ። የፊት ለፊቱ ሕንጻ አይታይም። ከሂትሮው የሚነሱት በረራዎች በሙሉ ዲሌይ፣ ዘግይተዋል። ስልኬን ቼክ ማድረግ አላቆምኩም። እማዬ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች። ምን ያህል ይርቃል አለችኝ። ከሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአየር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። አሰበችው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ መልስ ማለት ነው አለች፤ እሷ በልጅነቷ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ሄዳ ሁለት ቀን የተመለሰችው መንገድ።

ረቡዕ፣ ቀትር
ተነሳ። በረራ የሚያሳየው የስልኬ አፕ ላይ ትንሽ ቢጫ አይሮፕላን። ሰሜን ባሕር ላይ ነው። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ቀማችኝ። አሁን ዴንማርክ።

እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜያለሁ። እኔው ደግሞ ከደመና በላይ ነኝ። እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ከአጥንቴ የወጣ ነገር እኔ ረግጬው የማላውቀውን አገር እየተሻገረ ነው። ከሴትዮዋ ጎን ያለው መንገደኛ ምን እንደያዘች አያውቅም። ሳንድዊች እየበላ ይሆናል።

አይሮፕላኑ አረፈ። እማዬ ስልኩን ሳመችው።

ረቡዕ፣ ምሽት
ሂሩት በቪዲዮ አሳየችን። ከረጢቱ ተሰቅሏል። ጠብ፣ ጠብ። ዳዊት ተኝቷል። ጠዋት ለንደን የነበረው አሁን ደረቱ ውስጥ ነው።

እሑድ፣ ከአንድ ወር በኋላ
ዳዊት ራሱ ደወለ። ድምፁ ቀጥኗል። ሴሎቼ መቅኔው ውስጥ ሥር ይዘውለታል። ሐኪሟ የደም ዓይነቱ ቀስ በቀስ ወደ ኔ እንደሚለወጥ ነግራዋለች። ከእንግዲህ ደሙን የመረመረ ሰው የሴት ደም ነው የሚያገኘው። በዚህ ሊስቅ ሞከረና አቃተው።

"አንቺ እኮ እዚህ ነሽ" አለኝ።

ስልኩን ለእማዬ ሰጥቼ በረንዳ ወጣሁ። ክንዴ ላይ ያለውን የደም ሥር ሳየው ቆየሁ።

ወሰንኩ። ሐኪሞቹ ሰው እንዲጠይቀው በፈቀዱ ቀን ስቶክሆልም እሄዳለሁ። ለማንም ገና አልተናገርኩም። ስገባ እማዬ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣዬን አውርዳ አቧራውን እየጠረገች ነው።