ሞተ የተባለው ሦስተኛው ቅጂ

ውድ እናቴ፣ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የምታስታምሚያትን አሮጊት ብቻሽን ከአልጋ አታንሺ ብዬሽ ነበር፤ ሰማሽኝ ወይስ እንደ ልማድሽ «እሺ» ብለሽ ተውሽው? እዚያ ጣሊያን የቦሎኛ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። አባዬ አይብ የገባበት ባኒትሳ እጋግራለሁ ብሎ አሳርሮ፣ «እንዲህ ነው የሚጣፍጠው» እያለ ብቻውን በላው። እኔም ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ስለ ሥራዬ ስትጠይቂኝ ወሬ የምቀይርብሽ ላስጨንቅሽ ስላልፈለግሁ ነበር። አሁን ግን ካልነገርኩሽ ልፈነዳ ነው። ስንዴያችን ከሦስት የጥንት ሣሮች የተዳቀለ ስለሆነ አብዛኛውን ዘረመል በሦስት ቅጂ ይዟል። ቅጂዎቹ መጀመሪያ ሥራቸው አንድ ነበር፤ ዘመን ሲረዝም ግን ተከፋፈሉት። እኔ በያዝኩት የዘረመል ቤተሰብ አንዱ ቅጠል ላይ ይሠራል፤ ሌላው ፍሬው ሲሞላ ይነቃል። ሦስተኛው የትም ብፈልገው ዝም ነው። አለቃዬ ዶክተር ካራጆቭ «ኢስክራ፣ እሱ ሞቷል። ለቅሶሽን ጨርሺና ስለ ሁለቱ ጻፊ» እያለ ሰው ፊት ይቀልድብኛል። እኔ ደግሞ ስንዴው ውሃ ሲጠማው ሥሩን ሳላይ ሞቷል አልልም አልኩት።

ስንት ለምኜው በላስቲክ ጣሪያ የተሸፈነች መደብ ሰጠኝ። ማንም ውሃ እንዳያጠጣት ተባለ። ስንዴው ዛላ ሲያወጣ ቅጠሉ መጠቅለል ጀመረ። ሥሩን ልቆፍር በተዘጋጀሁበት ጠዋት ብደርስ መሬቱ ጭቃ ሆኗል! የአትክልት ውሃ የሚያጠጣልን ሽማግሌ፣ ጋሽ ሚንቾ፣ የውሃውን ጎማ ይጠቀልላል።

«ጋሼ፣ ምን አደረግክ?» አልኩት።

«ልጄ፣ ሲጠወልግ አይቼ አንጀቴ አልችል አለኝ። አታጠጣ መባሉንስ ሰምቻለሁ፤ ግን ይህን ያህል እንዲሰቃይ የፈለግሽ አልመሰለኝም» አለኝ።

ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ውሃው አጥር ጥግ ያለችውን ቁራጭ ብቻ አልደረሰባትም። የዚያችን ሥር በጣቴ ፈልቅቄ አወጣሁና ላቦራቶሪ ወስጄ መረመርኩት። እማዬ፣ ሞተ የተባለው እየሠራ ነው! ያውም ከሁለቱ በልጦ። ውሃ ከጠጣው ስንዴ ሥር ግን ምንም የለም። እየሮጥኩ ሄጄ ለዶክተሩ አሳየሁት። ደጋግሞ አየውና «ደስ ይላል። ግን አንዲት ጥግ ማስረጃ አትሆንም፤ በሚመጣው ዓመት ድገሚው» አለኝ። የሚያበግነኝ እውነቱን መሆኑ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሌላ አልልም ነበር። ጋሽ ሚንቾንም ልጠላው አልቻልኩም፤ ሰሞኑን ሁሉ ከጓሮው ቼሪ እየለቀመ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥልኛል። ቼሪውን እበላለሁ፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

እንግዲህ በዚህ ውጤት አገኘዋለሁ ያልኩት ቋሚ ቅጥር ዘንድሮም ቀረ፤ ውሌን ለአንድ ዓመት ብቻ አደሱልኝ። «ኢስክራ ቋሚ የሆነች ቀን ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ» እንዳልሽ አልረሳሁም፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። እማዬ፣ ያን ቃልሽን ተዪው። ስንዴው መልስ የሚሰጠኝ በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ሰው ካላጠጣብኝ። አንቺን በባዕድ አገር እሱን ሳስጠብቅሽ መኖር አልፈልግም። ነይ። ያለንን እየበላን አብረን እንናደዳለን።

አባዬ ናፍቆቱን ባይናገርም፣ ሰላም በይልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ አሳስቦኛል። እህቴ ዝድራቭካ ትስምሻለች። አክስቴ ፔንካም የጎረቤቱን ወሬ ሁሉ አጠራቅማ እየጠበቀችሽ ነው። አሮጊቷን ሲኞራ ኦታቪያን እጅ ንሺልኝ፤ ምትክሽን ከአሁኑ እንድትፈልግም ንገሪያት።

የምትወድሽ ልጅሽ ኢስክራ

ዶብሪች፣ ቡልጋሪያ
ጁን 28 ቀን 2019