የአሞራው ሰዓት

መካነ ኢየሱስ፣ ጥር 14 ቀን

ለወንድሜ ልጅ ለይበልጣል፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

በተጠማዘዘ ላስቲክ የሚበሩት የሞዴል አውሮፕላኖች ውድድር ገብሱ በታጨደበት ማሳ ላይ ተካሄደ። ወላጆችን በየቤቱ ዞሬ ስላግባባሁ ዘንድሮ ተወዳዳሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ ደረሱ። ሰዓት ያዥዋ እንደ ወትሮው እኔ ነበርሁ።

የስምንተኛ ክፍሏ የዘቢደር አውሮፕላን ያረፈ መስሎኝ በአርባ ሰከንድ ቆጠራውን አቆምሁ። ልጆቹ፣ «ኧረ ቲቸር፣ የአሞራውን ሰዓት ነው የያዙት! የእሷ ገና ላይ እየዞረ ነው!» ብለው ሳቁ። ፀሐዩ ነው አልኋቸው፤ ቀኑ ግን ደመናማ ነበር። አንደኛነቱ በእኔ ስሕተት ስላመለጣት ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት።

መልስህን በትልልቅ ፊደል ጻፍልኝ፤ ቤት ውስጥ የሚያነብልኝ ሰው የለም።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

አክስትህ አልጣሽ