ከገመዱ ያለፍኩ ዕለት

ውድ ሜርል፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣ ነባሪዎቹ፣ ስለ ሰብሳቢያችን ስለ ክሌም የጉልበት ሕመም አወራና ዋናው ነገር ላይ ስደርስ እጄ እምቢ ይለኛል። ስለዚህ ዛሬ ከዋናው ልጀምር። ባለፈው ታኅሣሥ እነዚያን ሦስት እንቁላሎች ያጠፋሻቸው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።

ተቀምጠሽ አንብቢው። ብትናደጂም ልክ ነሽ።

ያን ዕለት ጠዋት ባለ ጥቁር ቆቧ ወፋችን እንደ ልማዷ እንቁላሏን የጣለችው ውሃው አፍንጫ ሥር ነበር። ማታ ትልቅ የባሕር ሙላት ይመጣል ተብሏል። አንቺ የወፍ ጥበቃ ቢሮ ደውለሽ ፈቃድ ጠየቅሽ፤ የሰው ሽታ እንዳይነካቸው እጅሽን በእርጥብ የባሕር ሣር አሸሽ፤ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ሁለት ሜትር ወደ ላይ አወጣሻቸው። በዙሪያው የነበሩትን ዛጎሎች ሳይቀር እንደነበሩ ደረደርሽላት። ከዚያ ከልጅሽ ጋር ቀጠሮ ነበረሽና መሄድ ግድ ሆነብሽ። ሰው እንዳይቀርባት ገመዱን ዙሪያውን አጥብቀሽ፣ "ዴስ፣ አደራ። ከሩቁ ጠብቅልኝ። በዚህ ሙቀት ትንሽ ከተነሣች እንቁላሉ ይቀቀላል" አልሽኝ።

"እኔን ነው የምታስተምሪኝ?" አልኩሽ።

"አንተን አምንሃለሁ። ካሜራህን ነው የማላምነው።"

ሳቅን። ሁልጊዜ በዚህ ነበር የምትለክፊኝ። ክረምት ላይ ገደሉ ጫፍ ቁጭ ብለን ዓሣ ነባሪዎቹን ስንጠብቅ፣ አፍንጫችን በብርድ ቀልቶ፣ ከፔርሙዝሽ ሻይ እየቀዳሽ፣ "እውነቱን ንገረኝ፣ ወፎቹን ነው የምትወደው ወይስ ፎቷቸውን?" ትይኝ ነበር። "ሁለቱንም" እልሽ ነበር። አንቺ ደመናውንና ንፋሱን በደብተርሽ ስትጽፊ፣ እኔ ወፎቹን በሌንስ ሳሳድድ ስንት ወቅት አብረን አሳለፍን! ከዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ቀን ብቻ ብትመለስልኝ ያችን የታኅሣሥ ቀን እመርጥ ነበር።

ከሄድሽ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወፏ ተመልሳ ተቀመጠች። አዲሱን ጉድጓድ ዞር ዞር ብላ አየችው፣ በደረቷ ደልደል አደረገችው፣ ታቀፈች። በዓይኔ ነው ያየሁት። ፎቶም አንስቻታለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር የላክሁልሽ የመጀመሪያው ፎቶ እሱ ነው፤ ሰዓቱ ከታች አለ። ሥራሽ ሰምሮ ነበር፣ ሜርል። ይህን እያወቅሁ አሥራ አንድ ወር ዝም ብያለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ደመናው ከደቡብ መጣ። ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር የዘጋ፣ እንደ በሰለ ፕሪም የጠቆረ ደመና። አሸዋው ላይ ግን ፀሐይዋ ገና አልጠፋችም፤ ንፋሱም ከበረሃው ወገን እሳት እየተፋ ነው። እንዲህ ያለ ሰማይ ስንት ዓመት ስጠብቅ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ለሁለት ደቂቃ ነው ብዬ ከገመዱ አለፍኩ።

ወፏ ተነሣች። ክንፏ እንደተሰበረ እያስመሰለች፣ እየጎተተች፣ ከእንቁላሎቹ ልታርቀኝ ወደ ውሃው ሮጠች። እኔ ደግሞ ሰማዩ ከኋላዋ እንዲገባልኝ ተንበርክኬ ቆየሁ። ትንሽ ትቀርባለች፣ ታየኛለች፣ ትመለሳለች። ከገመዱ ወዲያ ባነሣሁት የመጀመሪያና የመጨረሻ ፎቶ መካከል አርባ ሰባት ደቂቃ አለ። ንፋሱ ዞሮ ሲቀዘቅዝ ካሜራዬን ከዝናብ ለማዳን ሮጥኩ። ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት፤ ይህንንም እወቂው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ምስኪኗ ወፍ የሞተ እንቁላል ታቅፋ እስከ ጥር መጨረሻ ተቀመጠች። አንቺ በየማለዳው እየሄድሽ ታዪያት ነበር። በወፍ ጠባቂዎቹ ስብሰባ ላይ ተነሥተሽ "የእኔ እጅ ነው ያጠፋቸው" ስትይ፣ አጠገብሽ የተቀመጥኩት እኔ "ራስሽን አትውቀሺ" አልኩሽ። ያቺን ቃል ሳስታውስ አፌን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ደብተርሽንም ለእኔ ሰጥተሽኝ ወደ ልጅሽ ዘንድ ከተማ ገባሽ። ለእኔ!

ባለፈው ሳምንት ያችው ወፍ ሁለት እንቁላል ጣለች፤ አሁንም ውሃው አፍንጫ ሥር። "እናንሣው" የሚል ሰው ነበር። ክሌም ግን፣ "ሜርል እንኳ ያን ሁሉ ልምድ ይዛ አልሆነላትም፤ እኛ ማን ነን? ከእንግዲህ እንቁላል አይነካም ብለን ወስነናል" አለ። ስድስት ሆነን አሸዋው ላይ ቆመን ሙላቱን ጠበቅን። ውሃው አንዴ ነካ አድርጎ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ማዕበል ጠቅልሎ ወሰዳቸው። "ተፈጥሮ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል" አለ ክሌም። በእኔ ውሸት ምክንያት እጃችንን አጣጥፈን እንደቆምን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ትናንት ግን ሌላ ጉድጓድ ስትጭር አየኋት። እልኸኛ ናት፤ የመረጠችው ቦታ ከበፊቱም የባሰ ነው። የሚቀጥለው ትልቅ ሙላት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሜ ስብሰባ አለን፤ የታቀፈችበትን ፎቶ ይዤ ሁሉንም እናገራለሁ። ክሌም የሚለውን ይበል። አስቀድሞ ከእኔ መስማት ያለብሽ ግን አንቺ ነሽ።

እንቁላሏን ልታነሺላት ከመጣሽ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥቼ እወስድሻለሁ። ገመዱንና ደብተርሽን እይዛለሁ፤ ካሜራው ቤት ይቀራል። አብሬሽ እንድቆም ካልፈለግሽ መኪናው ውስጥ እጠብቅሻለሁ። አልመጣም ካልሽም አልቀየምሽም፤ ብቻ እጅሽ ንጹሕ መሆኑን እወቂ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትሄጂ በፍሬም አድርጌ የሰጠሁሽን፣ ከአልጋሽ በላይ የሰቀልሽውን ፎቶ አውርጂው። በስልክ "ጠዋት ስነሣ አፏን ከፍታ ሰማዩን ስታመሰግን አያታለሁ" ስትይኝ ወሬውን ወደ አየሩ አዞርኩት። የዚያን ዕለት ፎቶ ነው። ሰማዩን እያመሰገነች አልነበረም፤ ፊት ለፊቷ የተንበረከክሁትን እኔን ሂድልኝ እያለችኝ ነበር። ያኔም ገብቶኝ ነበር።

አደራሽን የበላው፣
ዴስ