ለናዝራዊት የላክሽው ቆጮ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ወልቂጤ ዝናቡ ገባ ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ሰለቸኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ አክስቴ አጠገቤ ስለምትቆም ነው። ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ ለቅሶዬ ይቀድመኛል። ይቺን ወረቀት ለማንም እንዳታስነብቢ፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢያት።

እማዬ፣ ናዝራዊት የምትባል ጓደኛ የለችኝም። ኖራኝም አታውቅም። መስከረም ላይ «ጓደኛ ያዝሽ?» እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ አፌ ላይ የመጣውን ስም ጠራሁልሽ። ደስ ሲልሽ ጊዜ እናት ፈጠርኩላት፣ አምስት ኪሎ ቤት ሰጠኋት፣ አንዴ እንዲያውም ቶንሲል አሳመምኳት። ለእሷ ብለሽ የላክሽውን ቆጮ የበላው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ እምሩ ነው። ናዝራዊትን መርቋታል።

እኔማ በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ገብቼ ደወል እስኪደወል እቆም ነበር። የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ሲሞን ይኼን አይቶ ነው መሰለኝ ድራማ ክበብ አስገባኝ። የለቅሶ ቤት ድራማ ነበር። የኔ ሥራ ጎረቤት ሆኜ ገብቼ «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ መቀመጥ ነው፤ በቃ። ያቺን ሁለት ቃል አንድ ወር ተለማመድኩ። ያ ወር፣ እማዬ! ከልምምድ በኋላ አምስት ሆነን እስከ ፒያሳ በእግራችን እንሄዳለን፣ በሳምቡሳ እንሻማለን፣ የክበቡ መሪ ወይኒ እጄን ይዛ መንገድ ታሻግረኛለች። በሳቅ ሆዴን ያመመኝ ቀን አለ። አሁንስ ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ነበር።

አርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ገባሁ። አልቃሾቹ ያለቅሳሉ። አፌን ስከፍት የወጣው «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ሆነ።

ጉድ ፈላ! ዳይሬክተሯ ሳይቀሩ ሳቁ። ሬሳ ሆኖ የተኛው ቴዎድሮስ እንኳን ሳቀ። ወይኒ ግን አልሳቀችም፤ «ሁለት ቃል አቃተሽ?» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ስንት የለፋችበት ነዋ! ከሁሉም እሷ አንገበገበችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልፍ «እንኳን ደስ ያለሽ» የማይለኝ የለም፣ ትንንሾቹም ጭምር። አንድ ሳምንት ቻልኩት።

በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። አሁን ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው መሃል መግባት ለኔ አልተፈጠረም፤ ሞክሬ አየሁት።

ማክሰኞ ለወላጆች ስብሰባ እንደምትመጪ፣ ናዝራዊትንም ከነእናቷ ላያት እፈልጋለሁ ማለትሽን አክስቴ ነገረችኝ። እኔን ለማስተማር ያልሆንሽው የለም፣ አውቃለሁ። ተቆጪኝ፣ ምቺኝም። ብቻ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤት አትሂጂ። ከመኪና እንደወረድሽ ቀጥ ብለሽ ምኒልክ አደባባይ፣ ጊዮርጊስ ግቢ ነይ። ከዛፎቹ ሥር ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ታያለሽ። በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ክፍል እስኪለቀቅ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ አታጪኝም።

በሰላም ያምጣሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

አንድዬ ልጅሽ